ዘርፉን ውጭ ተዪው

ማክሰኞ እና ዓርብ፣ ማዕበሉ ሲፈቅድ፣
ወደ ትንሿ ደሴት በጀልባ ስወርድ፣
ከቺሎዌ ወደብ ሣጥኔን አቅፌ፣
ካፊያውን በጀርባ ተቀብዬ ገፍፌ፣
ሰው ይጠይቀኛል፦ «ሲስተር፣ ምን ይዘሻል?»
«ጨርቅ» እላቸዋለሁ። ማን ሰምቶ ያምነኛል?
አራት ማዕዘን ጎዝ፣ እንደ ወንፊት ሳስቶ፣
በወረቀት ከረጢት ለየብቻው ገብቶ፣
በእንፋሎት ተቀቅሎ ጀርሙ የሞተለት፣
ባዶ ጣት ከነካው ወዲያው ያለቀለት።

ዶን ሬሚሂዮ ናጊል፣ የጀልባ ጠራቢ፣
ለሳንቃ እንጂ ለገላው ያልነበረ አሳቢ፣
መጥረቢያው አዳልጦት አገዳውን በላ፤
ሸራ ቀዶ አሰረው፣ ሥራ ሄደ በኋላ።
በዘጠነኛው ቀን ልጁ ኦቲሊያ
ሽታውን ተከትላ አገኘችው እዚያ፦
ሸራው ከሥጋው ጋር አንድ ላይ ተሰፍቶ፣
መግሉ ከሥር ታምቆ፣ ዙሪያው ግሎ፣ ቀልቶ።

በሁለተኛው ጉዞ ጥፋቱ የእኔ ነው።
ጀልባው ሊሄድብኝ ነበር።
ጎዙ ደርቆ ቁስሉን ነክሶታል፤
በአንድ ጊዜ ሳብኩት።
ሽማግሌው አልጮኸም፤ የጥርሱን ፍጭት ብቻ ሰማሁት።
ጎዙ ላይ ቀይ ፍሬ ፍሬ ተጣብቆ አየሁ፦
የአራት ቀን ሥራ፣
ሥጋው በጨለማ የሸመነውን
በአንድ ጉተታ ተረተርኩት።

ከዚያ ወዲህ አልቸኩልም።
የጨው ውሃ አፈስስና እጠብቃለሁ፤
ድመቷ ምድጃው ሥር ትንጠራራለች፣
ጀልባው ጥሩንባውን ይነፋል፣ ይንፋ፣
ጎዙ ራሱ «በቃኝ» እስኪል።

«አወታተፍሽ ልል ነው» አለኝ አንድ ማለዳ፣
አንገቱን አስግጎ እያየ የቁስሉን ጓዳ፤
«እኔ የጀልባን ስንጥቅ በዛፍ ልጥ ስወትፍ
በመዶሻ ነው፣ ጠብታ እንኳ እንዳያልፍ።
ላላ ካልሽ ባሕር ይገባል፤ ባሕር ይቅር አይል።»
«ዶን ሬሚሂዮ፣ ቁስል ጀልባ አይደል።
ጠቅጥቄ ብሞላው ደሙ ታንቆ ይቀራል፣
ሥጋው መላወሻ አጥቶ ይጠወልጋል፤
ባዶ ብተወውም አፉ ይገጥምና
ሥሩ መግል ያቁራል፤ ውሸት ነው ያ ጤና።
ቁስል የሚሞላው እንደ ባሕር ሙላት
ከታች ወደ ላይ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ በሌሊት።»

ዝም አለ። አሰበ።
«እንግዲያ ያንቺ ሥራ» አለ፣
«ጀልባን ቀስ አድርጎ ማስጠም ነው።»
ኦቲሊያ ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

በየቀኑ መቀየር አለበት፤ እኔ በየቀኑ የለሁም።
ስለዚህ አሳየኋት፦
እጅሽን ታጠቢ። ከረጢቱን ከጫፉ ቅደጂ።
መሃሉን አትንኪ። አርጥቢው፣ ጭመቂው፣
ልል አድርገሽ አስገቢው።
ዘርፉን ውጭ ተዪው፣ ውስጥ ጠፍቶ እንዳይቀር።
ያስገባሽውን ቁጠሪ፤ ያወጣሽውን ቁጠሪ።
ከበሩ ጀርባ በከሰል ጻፈች፦
አንድ ገባ፣ አንድ ወጣ።

ግንቦት ላይ ወጀቡ ወደቡን ዘጋብን፣
አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፤ ስልኩም እምቢ አለን።
ወደብ ዳር ቆሜ ስቆጥር ከረምኩ፦
ሃያ ከረጢት ተውኩላት። በቀን አንድ። ይበቃል።
ጣሪያው ቢያፈስስባቸውስ? አይጥ ቢቀድደውስ?
ጎረቤት መጥቶ «ቅጠል ይሻለዋል» ቢልስ?

ባሕሩ ሲተኛ ሄድኩ።
ከበሩ ጀርባ የከሰሉ መስመር ረዝሟል፣
ጽሕፈቷም ወደ ታች እየጠራ መጥቷል፦
አንድ ገባ፣ አንድ ወጣ።
አንድ ገባ፣ አንድ ወጣ።
ከሁሉ በታች፦ አንድ ወጣ። ምንም አልገባም።

ጉድጓዱ ሞልቶ፣ ሮዝ ቆዳ ከዳር እየተራመደ፣
የሳንቲም ያህል ቀርቶታል።
አንዲት ስስ ጎዝ ከላዩ አለበስኩት፤
እንደ ሙሽራ አየኝ፣ አፈረ መሰለኝ።

ስወጣ አዲስ ጀልባ ግቢው ውስጥ ተገትሯል።
ስንጥቁ ሁሉ ተወትፏል፣ ከአንዱ በስተቀር፦
የጣት ያህል ልጥ ከሳንቃው መሃል ተንጠልጥሏል።
«ረሳኸው?» አልኩት።
«ምን እረሳለሁ፤ ዘርፉን ውጭ ተውኩት።»
ከዚያ መዶሻውን አነሣና
አንዴ መታው።
ገባ።