የትምህርት ደረጃ፦ ዋልካ

ደብዳቤ መጣልን፣ ክብ ማኅተም ያለው፤
«ኮርሳችሁን ሁሉ ሥራ የሚፈልገው፣
ገበያ የሚሻው፣ ቀጣሪ የሚጠራው
እንዲሆን አድርጉና ላኩልን» የሚለው።
እስከ ዓርብ ድረስ።

ዛሬ ረቡዕ ነው።

እኔ የአፈር መምህር፣ የክፍሉ ኃላፊ፣
አሥራ ሰባት ሞጁል በየዓመቱ ገልባጭ፣ በየዓመቱ ጸሐፊ፣
ከግቢው በር ወጣሁ፣ ዶሴዬን በፌስታል ጠቅልዬ፣
«ምን ጎደለ?» ልል፣ የሚመልስ ሰው ካገኘሁ ብዬ።

ሐምሌ ነው። የእነዋሪ ሜዳ ጥቁር ሊጥ ሆኗል፤
አንድ እግሬን ስነቅል የሌላው ጫማዬ ይቀራል።
ክፍል ውስጥ ይህን አፈር በፈረንጅ ስሙ እጠራዋለሁ፣
«ቨርቲሶል» እላለሁ፤ በበጋ ሲሰነጠቅ በሥዕል አሳያለሁ።
ሲይዝ ግን፣ ጫማ ሲያወልቅ፣
በየትኛው ሞጁል ነው ተማሪ ይህን የሚያውቅ?

መጀመሪያ ያገኘሁት ደጀኔን ነው፣ ከመንገድ ዳር፣
የፓምፕ ሆድ ዘርግፎ በጆንያ ላይ ብሎን ሲቆጥር።
«ከናንተ ዘንድ» አለኝ፣ «ሦስት ልጆች መጡልኝ አምና፤
የሞተርን ታሪክ ከነፈልሳፊው ያውቁታልና
አከበርኳቸው። ቫልቭ ፍቱ ብላቸው ግን ተያዩ፤
‹እሱ ደረጃ አራት ነው› አሉኝ፤ ዘይት ሳይነካቸው ተለዩ።»

ጻፍኩት። ዝናቡ ግማሹን አጠበው።

ከጀማ ገደል አፋፍ ወዲህ፣ ማሳው በሚያዘቀዝቅበት፣
ወይዘሮ ወርቅያንሹን አገኘኋት፣ አፈር በእጇ በምትጎነጉንበት፤
ከልጆቿ ጋር ጎንበስ ብላ፣ መደቡን ከፍ፣ ቦዩን ዝቅ፣
ውሃው ዘሩ ላይ እንዳይተኛ፣ ወደ ገደሉ እንዲዘልቅ።
እንደ ሹሩባ ከዳር እስከ ዳር ተሠርቷል፤
ከአጥሩ ማዶ የኛ ማሳ ግን፣ ውሃ ተኝቶበት ቢጫ ሆኗል።

«ምን ጎደላችሁ?» አልኳት፣ ዶሴዬን እንደያዝኩ።
ቀና አላለችም። «ወገብ» አለች። እኔም «ወገብ» ብዬ ጻፍኩ።

«ልጄ ከናንተ ቤት ተመረቀ፤ ደስ አለን፣
ወረቀቱን በመስታወት አድርገን ግድግዳ ላይ ሰቀልን።
አሁን ደብረ ብርሃን፣ ፋብሪካ በር፣ ለዘበኝነት ተሰለፈ፤
እኔም ይኸው፣ በእጄ ስቆፍር ስንት ክረምት አለፈ።
ይህን መደብ በበሬ የሚያወጣ ብረት አለ ይላሉ፤
እናንተ ግቢ ነው አሉ፤ ዶሮ ያድርበታል አሉ።»

እውነቷን ነው። ሁለት አለን። አንዱ ላይ እንቁላል አይቻለሁ።
ዝም አልኩ። የተረፈኝን ጫማ አወለቅሁ፤ ቦዩ ውስጥ ገባሁ።
«እንዲያ አይደለም» አለች፣ «አካፋውን ተወው፤ ተረከዝህን ተከተል፤
ውሃ ቀድሞ የሚሞላው ዱካህን ነው፤ ቦዩ በዚያ ይፈተል።»

ማታ በሞባይል መብራት ቅጹን ሞላሁ፤ እጄ ገና ጭቃ ነበር።
የኮርሱ ስም፦ ዋልካ ማጠንፈፍ፤ በማሳ ላይ፣ በሐምሌ የሚጀመር።
ሁለተኛ፦ ፓምፕ መፍታትና መግጠም፤ ክፍል የለውም፣ ደጀኔ ደጃፍ።
ሦስተኛ፦ ያንን ብረት ከዶሮዎቹ ማስለቀቅ፣ ዝገቱን መግፈፍ።
አሠልጣኝ፦ ወርቅያንሹ ቦጋለ።
የትምህርት ደረጃ የሚል ሣጥን አለ።
ባዶ ልተወው? ሰረዝ? ቆየሁና ጻፍኩበት፤ «ዋልካ»።
ዲኑ እንደ ልማዱ ይቆጣል፤ ይቆጣ፣ ያቺን ቃል ግን አይንካ።

ዓርብ ላክነው። መልስ የለም። ሰኞ ግን፣ ሳይፈቀድ፣
ሃያ ስድስት ተማሪ ይዤ ወረድኩ፣ በዚያው የጭቃ መንገድ።
ጫማው ሁሉ አጥር ላይ ተሰቀለ። ሁለቱ አኩርፈው ተመለሱ።
ምንተስኖት የሚባለው፣ ክፍል ውስጥ ከጀርባ የሚተኛው እሱ፣
ዱካው ውሃ ሲሞላ አየና «እዚህ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ወርቅያንሹ ያን ጊዜ ቀና አለች፣
እጇን ወገቧ ላይ አኖረች።
«ተማራችሁ» አለች።

ስለ ትምህርቱ ይሁን ስለ ጥፋቱ፣ አልጠየቅኋትም እኔ፤
ጭቃው ውስጥ ቆሜ ሰማሁ፣ ውሃው ወደ ጀማ ሲሄድ ከጎኔ።