የሚያስጠብቅ መብራት

የመብራት ሠራተኛ ነኝ፣ የመስቀለኛ መንገድ ሣጥን ከፋች፤
ከተማው ኤድመንተን፣ ወሩ የካቲት፣ ብርዱ ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች።
ጓንት አውልቄ ሽቦ ስነካ ጣቴ ከብረቱ ይጣበቃል፣
ብሎኑ እንኳ በዚህ ሰዓት «እምቢ» ማለት ያውቃል።

ላሪሳ መጣች ከዩኒቨርሲቲ፣ ሣጥን እንደ አራስ ተሸክማ፣
ሽፋሽፍቷ በረዶ ይዞ፣ ከራሷ ትንፋሽ ጉም ቀድማ።
«ይሄ ይማራል» አለችኝ።
«አስተማሪው ማነው?» አልኳት።
«ማንም። ይሞክራል፤ መኪና ካሳለፈ ነጥብ እሰጠዋለሁ፣
ካስቆመ እነጥቀዋለሁ።
እንዲህ ሲወድቅ ሲነሣ፣ ማልዶ ሲሳሳት አምሽቶ ሲያርም…»
«እንደ ልጅ ነዋ!»
«እንደ ልጅ። ልጅ ግን ያፍራል፤ ይሄ አያፍርም።»

በኮምፒውተሯ ውስጥ ቀድማ ሺህ ክረምት አስነድታዋለች፣
ሾፌር በማይሞትበት ከተማ ሺህ ጊዜ አጋጭታዋለች።
አሁን እውነተኛ አስፋልት ሰጠችው፣ እውነተኛ ጨውና አሸዋ፤
እኔም በሩን ቆለፍኩበት፤ «በርታ» አልኩት፣ «አንተ ጨዋ»።

በሦስት ሳምንት ተካነ። የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ
ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈሳሉ፤ ሾፌሮች ፍሬን ረሱ።
የመዘግየት ሰንጠረዥ ወረደ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ኬክ ቆረሰ፤
ላሪሳ ድርሻዋን ለኔ አመጣች፣ ክሬሙ መንገድ ላይ በረዶ ለበሰ።

ሐሙስ ዕለት ስልክ ተደወለ። ወይዘሮ ኦዴት ካርዲናል ይባላሉ፣
ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጎማ ባለው ምርኩዝ ይሄዳሉ።
«አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁልፉን ተጫንኩ» አሉኝ፤ አልጮኹም።
«መብራታችሁ አያየኝም?
ወይስ አይቶ ነው?»
መልስ አልነበረኝም።

ሣጥኑን ከፈትን። ሽቦው ጤና፣ ሂሳቡ አንድም ሳይዛነፍ፤
አንዲት አሮጊት ማቆም ነው፣ አርባ መኪና ለማሳለፍ።
እግረኛ አልቆጠረችም ላሪሳ፤ ጎማ ብቻ ነበር ዋጋው፤
ሣጥኑ የታዘዘውን ሠራ፤ ታዲያ ነውሩ ማንን ይንካው?

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሳይነጋ፣ ቁልፉ አጠገብ ቆመች፤
በአራተኛው ደቂቃ እግሯን ረገጠች፣ በስምንተኛው እግሯን አጣች።
ወይዘሮ ኦዴት ደረሱ፤ ማንነቷን ሳይጠይቁ ትርፍ ጓንት ሰጧት፣
«ይሄ መብራት ሰነፍ ነው ልጄ፣ ልምድ ካለው ጋር ቁሚ» አሏት።

እኔ በቋንቋዬ አጉረመረምኩ።
«ምን አልክ?» አለች።
«ማስጠበቅ» አልኳት፤ «በእኛ ዘንድ ይህ ቃል ሁለት ልብ አለው፦
አንድም ሰውን ገትሮ ማቆየት ነው፣
አንድም እንዳይጎዳ ዘብ ማቆም ነው።»
ዝም አለች። ቀዩ ፊቷ ላይ ነበር።
«እኔ የትኛውን አስተማርኩት?»

ያን ሌሊት አንድ መስመር ጻፈች፦ ሰው የቆመበት ደቂቃ
በራሱ ይባዛ፤ ብርዱም ይጨመር፤ እየከበደ ይሂድ ጥበቃ።
ሰንጠረዡ አራት ሰከንድ ከፋ። ገምጋሚዎች «ለምን?» ብለው ጻፉ፤
ጽሑፏ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ብዙዎች ዘለዋት አለፉ።

ትናንት ማታ አምፖል ልቀይር መሰላል ላይ ነበርኩ።
ወይዘሮ ኦዴት መጡ፣ የምርኩዛቸው ጎማ በረዶውን እየቆረጠ፤
ቁልፉን ነኩ። ከሣጥኑ ቀጭን ድምፅ፣ «ቀጭ»፤
አርባ መኪና ተገትሮ በፊት መብራቱ አፈጠጠ።
አንዱ ጡሩምባ ነፋ።
መሃል መንገድ ቆም አሉ፣ ወደኔ ቀና ብለው፣
«አየኝ እንዴ?»
«ቆጥሮዎታል» አልኳቸው።
ማየቱን ግን እኔም አላወቅኩ።
ወርጄ በሩን ዘጋሁ፣
ብሎኑን አጠበቅኩ።