ሃያ ሊትር ናፍጣ

የተመደብኩ ዕለት ሮብ ገበያ ቅርንጫፍ፣
የጮቄ ጉም ነበር የቆመው ከደጃፍ።
ጥበቃው ስንሻው፣ ጋቢውን ደራርቦ፣
ከበሩ መቃን ሥር እንደ ጃርት ተሰብስቦ፣
"ካፖርት ይዘሃል አይደል? ኋላ እንዳትቸገር፤
እዚህ የማይቋረጥ የለም ከብርዱ በቀር።"

እውነቱን ነው።
መብራት ይሄዳል ሰኞ፣
ኔትወርክ ይከተለዋል ማክሰኞ፤
ሮብ ገበያው ይሞላል፤ እኔም ከመስታወት ኋላ
"ሲስተም የለም" እላለሁ፣ እንደ ምስክር መሐላ።

አላምረው ድንቹን ለማርቆስ ነጋዴ ሸጦ፣
"ገብቷል" የሚል መልእክት በስልኩ ጨብጦ፣
ሦስት ሰዓት ተጉዞ፣ ጨሞጋን ተሻግሮ፣
መጣ፣ ስልኩን እንደ ምርጥ ዘር በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ።
"ገብቷል ይላል።"
"አዎ፣ ገብቷል።"
"እንግዲያው ይውጣልኛ!"
"ጥሬው ብር አልደረሰም፤ መኪናው ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ ተኛ።"
ዝም አለ። ቆየና፣ "የኔ ከብቶች" አለኝ፣ "ምንም ባይማሩ፣
በገቡበት በር ነው የሚወጡት ሲሰማሩ።"

መውረድ ግን ለብሩ ምኑም አይቸግረው፤
ከዚህ ተራራ ላይ የማይወርድ ምን አለው?
ሙጋ ይወርዳል፣ ጨሞጋ ይወርዳል፣
አፈሩም በክረምት ቀልቶ ይከተላል፤
የበጉ፣ የገብሱ፣ የባሕር ዛፉ ዋጋ
በእኔ መስኮት አልፎ ፎቅ ይሆናል፣ ሩቅ አገር፣ ሲነጋ።

ሰኔ ሠላሳ ማታ ሪፖርቱን ጻፍኩ፦
ተቀማጭ፣ አርባ አንድ ሚሊዮን።
ለገበሬ የተሰጠ ብድር፣ ሰረዝ።
ዜሮ እንኳ አይደለም። ሰረዝ።
ከዲስትሪክት ኬክ መጣ፣ "ተሸልማችኋል" ብለው፤
ክሬሙን መንገዱ ንጦ ቅቤ ሊያደርገው ምንም አልቀረው።

ያን ሰሞን እናንዬ ወፍጮ ልትተክል አስባ፣
መጣች፣ ማመልከቻ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ዝናብ እንዳይገባ።
መሬቷ አረንጓዴ ደብተር አለው፤ መሬት ግን አይያዝም።
ቤቷ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ካርታ ግን የለውም።
የዕቁብ ዳኛ ናት፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንድ ዕጣ ያልጎደለባት፤
ለዚህ ግን ቅጹ ላይ አንድ መስመር የላት።
"ዋስትናሽ ምንድን ነው?" አልኳት፣ እንደተጻፈው፣
ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ ሳልነቅለው።
"ዋስትናዬ ሰው ነው" አለች።
እኔም ጻፍኩ፦ "የለም።"

ዕቁቡ ተነጋግሮ ዕጣውን ለቀቀላት፤
ውባንተ የልጁን ሠርግ ለከርሞ አሻገረላት።
ጥር ላይ የወፍጮው ድምፅ መጣ እስከ መስኮቴ፣
ቱክ ቱክ ቱክ፣ ቀኑን ሙሉ፣ በባዶው ሣጥን ፊቴ።

ፋሲካ ሊገባ ሲል፣ ሮብ፣ ተአምር ሆነና
ኔትወርኩም መጣ፣ ብሩም፣ በዚያው መኪና።
መብራት ግን የለም። ጄኔሬተሩ ደርቋል።
ሰልፉ ቅርንጫፉን ዞሮ ከአጥሩ ማዶ ደርሷል።
"ናፍጣ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው" አለ ስንሻው፣ ሳያየኝ።

ሄድኩ። ዱቄት ቅንድቧን ሽበት አስመስሎት፣
ሞተሩን አጠፋች፣ ልትሰማኝ ፈልጋ፣ የለመድኩት ድፍረት
ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
"ሃያ ሊትር" አልኩ። "ባንኩ ይከፍላል፣ ነገ።"
"ዋስትናህ ምንድን ነው?"

ወፍጮ ቤቱ ሳቀ፤ ስልቻ ላይ የተቀመጡት፣
ልጅ ያዘሉት፣ ተራ የሚጠብቁት፤
እኔም ሳቅኩ፣ ከሁሉ ዘግይቼ።
ጀሪካኑን ራሷ አነሳችው። ደብተሯን አራገፈችና፣
ከፈንቴ የማስፈጫ ዕዳ ሥር፣
በእርሳስ፣ ቀስ ብላ፦
"ባንኩ። ሃያ ሊትር።"

አላምረው ተከፈለው። ሁለቴ ቆጠረ።
ሲወጣ በሩን ዳበስ አደረገው፣ እንደ በሬ ጀርባ።

ለናፍጣው ማርቆስ ደረሰኝ ጠየቀ፤
ወፍጮ ቤት ደረሰኝ ከየት ያመጣል?
"በሂደት ላይ ነው" ይላሉ እስከ ዛሬ።
ከደሞዜ ልክፈልሽ ብላት፣ "ያንተ አይደለም" አለች፣ "የባንኩ ነው ዕዳው፣
አንተን ምን አስገባህ? እሱ ይክፈል፣ ትልቁ ሰውዬው።"

ክረምት ገብቷል። ሙጋ ደፍርሶ ይወርዳል።
እናንዬ ሮብ ሮብ ሰላም ትለኛለች፣
ስለ ናፍጣው አታነሳም።
አልሰረዘችውም ግን።