በወንድም ስም

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ በስኳር ፋብሪካው በር፣
ሸንኮራ ቆራጩ ተሰልፏል ዳር በዳር፤
ቆንጨራው ቤቱ ነው፣ ዛሬ የሚፈለገው ክንዱ፣
መታወቂያ ይዟል፣ ምንም አልቀመሰም ሆዱ።
እሳተ ገሞራው ከጀርባቸው ያጨሳል፤
በኒካራጓ ምዕራብ መከር ሊገባ ነው፣ ሳምንት ይቀረዋል።

እኔ ደም ቀጂ ነኝ።
ስም እጠይቃለሁ፣ ጅማቱን አስሼ፣
ቀድቼ፣ ለጥፌ፣ «ቀጣይ!» እላለሁ መልሼ።
ልብና ኩላሊት የሚመረምር አንድ ነው ይባላል፤
ልቡን ለእሱ ትቻለሁ፤
ኩላሊቱን ግን፣ በቀን ሒሳብ፣ እኔ መርምሬ አድራለሁ።

ክሪያቲኒን ማለት የልፋት ገለባ ነው፣
ጡንቻ ሲሠራ ውሎ አበራይቶ የሚጥለው።
ኩላሊት ከበረታ ጠራርጎ ይደፋዋል፤
ከሰነፈ ግን ገለባው ደም ውስጥ ይከመራል።

ሴረሙ ላይ ፒክሪክ፣ ከዚያም ጥቂት ሶዳ፤
ቢጫው ይሞቅና ብርቱካን ይሆናል፣
የባሰበት ሰው ደም የባሰ ይቀላል።
መሣሪያው ብርሃን ሰዶ በብልቃጡ መሀል
ስንቱ እንደታገደ ቆጥሮ ይነግረኛል፦
እስከ አንድ ነጥብ ሦስት፣ ቆንጨራህን አንሣ፤
ከዚያ ካለፈ ግን ወደ ጎጆህ፣ ባዶ እጅ፣ ያለ ሳንቲም ካሳ።

ፒክሪክ ክፉ ነው፤ ከደረቀ ይፈነዳል።
ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ውሃ እጨምርለታለሁ፣
«እርጥብ ነው» ብዬ መዝገብ ላይ እፈርማለሁ።
ቆራጩ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲደርቅስ?
ለእሱ መዝገብ የለም።

ሐሙስ ዕለት፣ ቁጥር አርባ ሰባት፣ ኤውሴቢዮ ማይሬና፣
ሁለት ነጥብ አንድ ወጣ። ደገምኩት። ያው ሆነና
ጻፍኩት።

ዓርብ መጣ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ፣
«ዶኛ፣ ይሄ ደም የእኔ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ።
«ሁሉም እንዲህ ይላል» አልኩት።
ወንበር ሳበና በሩን ዞሮ አየው፦

«እውነቴን ነው። መርፌሽ እኔን አልወጋኝም።
የእኔ ኩላሊትማ፣ አውቀዋለሁ፣ አይረባኝም፤
ሌሊት ስድስቴ ያስነሣኛል፣ ወገቤን ይቆርጠዋል።
ዊልመርን ነው የላክሁልሽ፣ ታናሼን፣
በእኔ ስም፣ በእኔ መታወቂያ፤ መልካችን አንድ ነው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ወይፈን ነው፣
ገና ሁለት መከር ነው የቆረጠው።
እንዴት ሆኖ ነው የእሱ ደም...»

እዚህ ላይ ቆመ።
አፉ ያለውን ጆሮው ዘግይቶ ሰማ።
ማቀዝቀዣው ብቻ ጥጉ ላይ ያጉረመርማል።
ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፣
መብራቱን ሳያጠፉ እንደወጡበት ቤት።

«የእኔንም ቅጂ» አለ በስተመጨረሻ። ቀዳሁ።
ሁለት ብልቃጥ ጎን ለጎን፣ ሁለት ደም፣ አንድ ስም፤
የራሱ ቀለም ሲመጣ ዞሮ እንኳ አላየም፣
ዓይኑ ከትናንቱ ብልቃጥ አልተነቀለም።
በአውራ ጣቱ ጥፍር
የገዛ ስሙን ከመስታወቱ ይፍቅ ጀመር፤
ሙጫው ግን ጠንካራ ነበር።

እጁን ያዝኩት። ምን እንደምለው አላወቅሁም።
ቁጥር መናገር እንጂ ሌላ አልተማርኩም።

ውሃ ቀዳሁለት፣ በላስቲክ ኩባያ።
አልጠጣም። «ውጭ ነው ያለው» አለኝ፣ «ብስክሌት ይጠብቃል።»
በመስኮቱ አየሁት፦
ሃያ ዓመት ሸንኮራ ሲጥል የኖረ እጅ
ኩባያዋን በሁለት መዳፍ አቅፎ፣
አመድ የለበሰውን ግቢ እያቋረጠ፣
አንዲት ጠብታ እንዳትፈስበት
በዝግታ፣ በዝግታ፣ ወደ በሩ።