እጅ ሲያጥር

ሃሚልተን፣ ባርተን መንገድ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
ጡቡ ጥቀርሻ የጠጣ ቤት አለ፣ ጎኑን ለሐይቁ ንፋስ ሰዶ።
ጓንት ይሰፋበት ነበር ድሮ፣ ለብረት አቅላጮች እጅ፤
ብረቱ በረደ፣ እጁ ተበተነ፣ ጓንቱ ቀረ ያለ ወዳጅ።

ኪራይ ሲወድቅ ጥበብ ይነሣል፤ ኢልዲኮ በሁለት ሻንጣ መጣች፤
ከወለሉ ስንጥቅ የስፌት መርፌ ለቅማ፣ መጋረጃ ሰቀለች።
የእጅ አሻንጉሊቶቿን ፊት ሮዛርዮ ጠረበ፤ ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ
የማርሽ ቅርጽ ከጥድ ያወጣ፣ ሚሊሜትር በዓይኑ የለካ፤
ሲያሰናብቱት የሸለሙትን ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ
ተኩላ ሠራ ባለ አንድ ጆሮ፣ ሌላውን መሮው ገድፎ።

እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በግማሽ ቀን ክፍያ፣
ቅጽ እሞላለሁ።
ቅጹ ይጠይቃል፦ «ስንት ሰው ቀጠራችሁ?
በአንድ ዶላር ድጋፍ ስንት ዶላር ወለዳችሁ?»
ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ተኩላው ሲያነጥስ
ጫማዋ እስኪወልቅ የሳቀች ልጅ ነበረች፤
እሷን በየትኛው ዓምድ፣ በየትኛው ሣጥን ላስገባት?
«ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር ከነሳቋ ጻፍኳት።

መንግሥት ሲለወጥ ቃሉ ይለወጣል፤ ቃሉ ሲለወጥ ተኩላው።
አንዱ መጣና «ጥበብ ጤና ነው» አለ፤ እጁን ታጠበ አውሬው፣
በሳሙና፣ ሃያ ሰከንድ፣ ልጆቹ እየቆጠሩለት።
ሌላው «ጥበብ ቱሪዝም ነው» አለ፤ ፏፏቴ ከጀርባው ሣልንለት።
ሦስተኛው «ጥበብ ሥራ ፈጠራ ነው» ቢል፣ ክራባት አሠርንለት፤
በጎቹን አንድ በአንድ ጠርቶ
ስለ ሥራ ልምዳቸው ጠየቃቸው።
አራተኛው ምንም አላለም።
«ከበጀት ጉድለቱ አንጻር» የሚል ደብዳቤ ላከ፤
ወረቀቱ ወፍራም፣ ፊርማው የታተመ።

በኔ ቋንቋ ገንዘብ ሲያልቅ «እጅ አጠረ» ይባላል።
ለኢልዲኮ ተረጎምኩላት።
ክንዷን ተኩላው ውስጥ ከታ ለካችው።
«እውነት ነው» አለች፤ «አንገቱ ጋ አልደረሰም።»

ያም ሆኖ ከንቲባው ምልክት ተከለ፣ «የጥበብ ሰፈር» የሚል፣ ከነሐስ፤
ሪባኑን ተኩላው ቆረጠ፣ በአንድ ጆሮው ሲገባ ንፋስ።
ንግግሩ ረጅም ነበር። እኛ ሁላችን እንደ ወጉ
በአንዱ ሰምተን በሌላው አፈሰስን፤ ለሱ ግን ተደፍኗል መውጫው፣
«ብልጽግና»ም «ትንሣኤ»ም እዚያው ጭንቅላቱ ውስጥ ቀሩ።

በዓመቱ ጥጉ ላይ የውሻ ፀጉር የሚያስተካክል ሱቅ ተከፈተ።
የቤት ግምቱ እጥፍ ሆነ፤ ግብሩ ግምቱን ተከተለ፤
አከራዩ ሚስተር ቴልፈር ባርኔጣውን አውልቆ መጣ፤
ክፉ ሰው አይደለም፣ ለትዕይንቱ ሁሌ ትኬት ይገዛ ነበር፤
ሸጠው።
ሰፈሩ በኛ ጠበበ፤
በጠበበው ሰፈር እኛ መቆሚያ አጣን።

አሁን መሸጫ ሥዕሉ ከመስኮቱ ተለጥፏል፦ «ጓንት ቤት መኖሪያዎች፣
ባለ አንድ መኝታ፣ ታሪካዊ ድባብ»፤
መግቢያው ግድግዳ ላይ የተኩላው ፎቶ፣ በትልቁ፣
ሁለት ጆሮ ተደርጎለት።

ሣጥኖቹን ወደ ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት እያወረድን
ሮዛርዮን «እጅ ሰጠን እንግዲህ?» አልኩት።
ደረጃው መሐል ቆመ፤ ጉልበቱን አሸት አደረገ።
«ለዚህ ተኩላማ» አለ፣ «እጅ ካልሰጡት መቼ ይነሣል?»

ማታ የመጨረሻውን መዝገብ ዘጋሁ፦
ወንበር፣ ዐርባ፤ መብራት፣ ስድስት፤
ተኩላ፣ አንድ፤
ከእርጅና ቅናሽ በኋላ፣ ዋጋው ዜሮ።
ኢልዲኮ በትከሻዬ አሾልቃ አነበበች፤
እጇን ከተተች፤
ዜሮው ዞሮ አየኝና
አነጠሰ።