ጣርማበር ላይ ጩኸት ስንፈልግ

ጉሙ ከመኪናችን ቀድሞ ደርሶ ነበር፤
የአንቴናው ግማሽ አይታይም፣ ግማሹን ብቻ አሳየን ጣርማበር።
ገመድ ዘረጋን፤ ጄኔሬተሩን ደጋግመን ሳብነው፣
በሦስተኛው አሳለ፣ በአምስተኛው ነቃ፤ በድንጋይ ካብ ከነፋስ ከለልነው።

ከታች ከቀወት ሜዳ፣ ከሙቀቱ አገር፣
አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ትነሣለች፣ ልትፈተን፣ ልትመረመር።
ሰው አልጫነችም፤ የምትለው ግን አላት፦
የክንፏን መንቀጥቀጥ፣ የዘይቷን ግለት፣
ስንት ጫማ እንደ ወጣች፣ ነፋስ በየት እንደ መታት፣
በሰከንድ መቶ ጊዜ ትናገራለች።
እኛ ጆሮዋ ነን። ሰሚ ካጣች ጠፋች።

ሰኞ፣ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ልክ ገደሉን ስታልፍ፣
መስመሯ ስክሪኑ ላይ ተበጣጠሰ፣ እንደ ተፈታ ጥልፍ።
ከፍታዋ ዜሮ፣ ቀጥሎ ሠላሳ ሺህ፣ ቀጥሎ ከመሬት በታች፤
ዘርፌ ከወንበሯ ተነሥታ «ተቀበረች እንዴ?» አለች።

«ጩኸት ገብቶብናል» አለ ማንያዘዋል።
ጩኸት ሲል ጆሮ የሚሰማው አይደለም፤
የማንም ያልሆነ ሞገድ ነው፣ በእኛ መንገድ የቆመ።
ማጣሪያ ጨመርን። አልረዳም።
የእርሷን ቀለም ለብሶ መጥቷል፤ እርሱን ስናጣራ እርሷም ትቀራለች።

የድሮ ሰው ሌባሻይ ነበረው፤ ልጁ የሰጡትን ጠጥቶ፣
እየዳኸ ሄዶ አንድ ደጅ ላይ ይወድቃል፤
ባለቤቱ ይከፍላል፣ ሳይሰርቅ ተረትቶ።
እኛም የእጅ አንቴና ይዘን፣ መርፌዋን እያየን፣
ደብረ ሲና ወረድን፣ በየሰው ግድግዳ ሥር ዞርን።

መጀመሪያ የደብሪቱ ወፍጮ ቤት።
ሞተሩ ሲነሣ ብልጭ ይላል፤ «ያዝነው!» አልን፤ አስጠፋናት ለሩብ ሰዓት።
ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች ተሰልፈው አዩን፣
አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩን።
እሷ ዱቄት የለበሰ ክንዷን አጣጥፋ ቆየችና
«በሰማይ ለምትሄደው የእኔ ሽሮ ምኗ ነው?» አለችና
ሳቀች።
ወፍጮው ዝም አለ። ጩኸቱ አልጠፋም።

ቀጥሎ ብየዳ ቤት፤ ልጁ ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ
«ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም» አለን፣ የቆመ ማሽኑን አሳይቶ።
ቀጥሎ ሆቴሉ፣ ቀጥሎ ጎሚስታው።
ይቅርታ ማለት ሰለቸን፤ መጠርጠር ግን አልሰለቸንም ያው።

ረቡዕ ማታ ዘርፌ አንቴናውን ወደ ዳገቱ አዞረችው።
መርፌዋ ዘለለች። ማንም ትንፍሽ አላለም። ደግማ አዞረችው።
ተከተልናት፤ ጭላዳዎች የሚያድሩበትን አፋፍ አለፈ፣
ከራሳችን ምሰሶ ሥር ደረሰ፤ እዚያ ጮኾ አረፈ።

ማንያዘዋል ባትሪ በጥርሱ ነክሶ ወጣ።
ከሦስተኛው ማገር አንድ ብሎን፤
አምና ክረምት ያሰርኩት እኔ። ዝናብ ነበር፤
ግራሶ አልቀባሁትም፤ «ይበቃዋል» ብዬ ነበር።

የስልኩ ማማ ከላይ፣ የሬዲዮ ጣቢያው ከታች፣
እያንዳንዱ በተፈቀደለት መንገድ ያልፋል፣ ሌላውን ሳይነካ።
እዚያ ዝገት ላይ ሲደርሱ ግን ተያይተው ኖሯል ለካ፤
ሽማግሌ ሳይላክ ተጋቡ፣ ሦስተኛ ሞገድ ወለዱ፤
ልጁ በእኛ ቤት አድጎ፣ ለጎረቤት ሆነ ፍርዱ።

በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት ማገሩን፣ ብረቱ እስኪያበራ፤
አዲስ ብሎን፣ ግራሶ፣ አንድ ሽቦ ወደ መሬት። ሁለት ሰዓት የማይፈጅ ሥራ።

ሐሙስ ገደሉን ስታልፍ መስመሯ አልተሰበረም።
የግራ ክንፍ፣ አሥራ አንድ ዲግሪ። የቀኝ ክንፍ፣ አሥራ አንድ።
ማንም አላጨበጨበም።

ከሰዓት በኋላ የዛገውን ብሎን በኪሴ ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ፤
«ይኸው ሌባው፤ የእኔ ነው» ብዬ ደብሪቱ መዳፍ ላይ አኖርኩ።
ገላበጠችው። ከጆንያዎቹ አጠገብ፣
እህል መመዘኛዋ ላይ ጣለችው፤
ሚዛኑ አልነቃነቀም።