ቅጠል የሌለው አባል

ከጎሽ ሜዳ በላይ፣ ጉም በሚያድርበት፣
ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ፣ ጥድ ከኮሶ በሚቆምበት፣
ዝግባ ጥለን ነበር፣ እኔና ጥላዬ፣
መጋዙ ሲያቃስት፣ ሲርድ ገላዬ።
ሠላሳ ጣውላ ወጣው፣ ጫፉም ሆነ ማገዶ፣
ብሩም ቀለጠ እንደ ግንቦት በረዶ።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።
ጥላዬ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በዚያው ከተመ፤
መጋዜ ዛገ፤ ወገቤም ታመመ።

ዛሬ ጧት ተነሥቼ ወጣሁ። ለዘበኛው ለማንያዘዋል
«የጠፋች በግ ልፈልግ» አልኩት። በግ የለኝም፤ እሱም ያውቃል።
እውነቱን ከተናገርኩ፣ ከሰው ዓይን ሸሽቼ ነው፣
ትናንት የእድሩ ጸሐፊ ስሜን ቢሰርዘው፤
«አራት ወር አልከፈለም» ብሎ፣ በቀይ እስክርቢቶ፣
ጎረቤቴ ሁሉ ዝም አለ፣ መሬት መሬት አይቶ።

ጉቶውን አገኘሁት። ልቀመጥበት ወደድኩኝ፣
ደርቋል ብዬ ነበር፤ ቢላዬን ሰካሁኝ።
እርጥብ።
እርጥብ ሆኖ አገኘሁት ልጡን፣
ከጠርዙ ዙሪያ አብጦ ሸፍኖታል ቁስሉን።
አንድ ቅጠል የለው፣ ፀሐይ አይበላ፣
ማነው ታዲያ የሚያጎርሰው ይህን የኔን ተበዳይ ገላ?

በእጄ አፈሩን ጫርኩት።
ነጭ ክር አየሁ፣ ከድር የቀጠነ፣
ከሥር ወደ ሥር የተሸመነ፤
የጥዱ እግር ከወይራው፣ የወይራው ከኮሶው ሥር፣
ኮሶው ደግሞ ከዚህ፣ እኔ ከቆረጥኩት ጋር።

አምና ከደብረ ብርሃን የመጣች ልጅ፣ ሰብለወርቅ፣
«ዛፍ ከዛፍ ይበዳደራል፣ በሻጋታ ክር» ብትለን፣ ሳቅ!
«ያለው ለሌለው ስኳር ይልካል፣ ተባይ ሲነሣም ወሬ።»
«በስንት ታሪፍ?» ብዬ አሳቅሁባት። አፈርኩ ዛሬ።

እኔ ገደልኩት ብዬ ስኖር፣ እነሱ ሲያኖሩት፣
ሌሊት ሌሊት ከመሬት በታች ድርሻውን ሲቆርጡለት፣
ማን ይሆን ጸሐፊያቸው? መዝገቡስ የት ነው?
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህ ጉቶ ምን ከፈለ? ምነው
«ውዝፍ አለበት» ብሎ የሚነሣ ጥድ ጠፋ ከመሃል?
«ይሰረዝ» ያለ የለም፣ ቅጠል የሌለው አባል።

ደግነት ላይሆንም ይችላል። ሥራቸው ድሮ ተጋብቶ፣
የቱ የማን እንደሆነ መለየቱ ጠፍቶ፣
ለጉቶው ሲያጎርሱ የራሳቸው አፍ መስሏቸው…
እንዲያም ይሁን። እንዲያ የሚሳሳቱትን አብዛቸው።

ክሩን መልሼ ቀበርኩ፣ በቅጠል ሸፈንኩት፣
ሳልቀመጥበት ተነሣሁ፣ ቁልቁለቱን ያዝኩት።

«በጓስ?» አለኝ ዘበኛው።
«አለች» አልኩት። «አልሞተችም።»
ጥፍሬን አየ። አፈሩን አየ።
ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።